ዩሪፒደስ ተሸናፊ ነበር ወይ? አንድ ጥያቄና 26 መልሶች

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፈው ሰው ትንሽ ነገር ቆስቋሽ ቢጤ ነው። ዩሪፒደስ የሚባለው የአቴና የትራጄዲ ጸሐፊ፣ ይላል፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ለውድድር ጽፏል። የመጀመሪያ ሥራው መድረክ የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ455 ነው። ሦስተኛ ወጣ። ተወዳዳሪዎቹ ደግሞ ሦስት ናቸው። አንደኛ መውጣትን ለማየት እስከ 441 መጠበቅ ነበረበት። በሕይወት እያለ ያሸነፈው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ተቀናቃኙ ሶፎክልስ ውድድሩ በሚካሄድበት፣ የወይን አምላክ በሚባለው በዲዮኒሰስ በዓል ላይ 18 ጊዜ አንደኛ ወጥቷል። ታዲያ ዛሬ የሶፎክልስ 7፣ የሌላው የትራጄዲ ጸሐፊ የኤስኪለስ 7 ተውኔት ብቻ ሲተርፍ፣ የዚህ ሰው 19 የተረፈው በምን ሒሳብ ነው? የተሳሳቱት የአቴና ዳኞች ናቸው ወይስ እኛ?

(ከዚህ በታች የምጠራቸው የአቴና ዘመን ዓመቶች ሁሉ ከልደት በፊት ናቸው። በየመስመሩ እየደጋገምኩ አላሰለቻችሁም።)

ከሥሩ 26 መልሶች ተደርድረዋል። ሁሉም እኩል አይነበቡም። አንዳንዱን በአንድ መስመር አልፈዋለሁ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ።

1ኛው መላሽ ጨዋ ነው። ጠያቂውን አመስግኖ፣ ሽልማትና ትልቅነት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም አለ። ማስረጃው ሜዴያ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ የሚታየው ያ ተውኔት በ431 ሲቀርብ መጨረሻ ወጣ። ሁለተኛው ሶፎክልስ፣ አንደኛው ደግሞ የኤስኪለስ ልጅ ኤውፎርዮን ነበር። በዚያ ቀን ያሸነፈበት ሥራ አንዱም አልደረሰንም።

2ኛው ቁጥር አራሚ ነው፤ በየክሩ (በየውይይቱ) አንድ አይጠፋም። ከ19ኙ ውስጥ ሪሰስ የሚባለውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው የሚሉ ምሁራን ብዙ ስለሆኑ 18 ማለት ይሻላል አለ። ጠያቂው ተቀበለ።

3ኛው መልስ ያገኘው ላይክ ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ሦስተኛ መውጣት ውርደት አይደለም ይላል። በዚያ በዓል ላይ ለመወዳደር መጀመሪያ መመረጥ ያስፈልጋል። በየዓመቱ የከተማው ሹም የሚመርጠው ሦስት የትራጄዲ ጸሐፊ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሦስት ትራጄዲና አንድ ቀልድ ያለበት ተውኔት ይዞ ይቀርባል። የኮረሱን (የዘማሪ ቡድኑን) ወጪ የሚችለው አንድ ባለጸጋ ነው። ዩሪፒደስ እንዲህ የተመረጠው 22 ጊዜ ያህል ነው። ከተማው ያልፈለገውን ሰው 22 ጊዜ አይጠራም። ዳኞቹ ደግሞ በዕጣ የወጡ 10 ተራ ዜጎች ናቸው፤ የሁሉም ድምፅ አይቆጠርም። ስለዚህ የአራትና የ18 ንጽጽሩ የሚነግረን ያን ያህል አይደለም።

4ኛው ስለ ኳስ ዳኞች ቀለደ። ሳቅ በሳቅ ሆኖ አለፈ።

ከዚያ ጡረታ የወጡ መምህር ነኝ ያሉ ሰው መጡ፤ 5ኛው መልስ የእሳቸው ነው። ጠያቂው ስለ ሽልማት ብቻ አውርቶ ስለ ሰውየው ምንም አለማለቱ አላስደሰታቸውም። ስለዚህ ሕይወቱን ዘረዘሩት። በሳላሚስ ደሴት ተወለደ ይባላል፤ ያውም ግሪኮች የፋርስን መርከቦች በሰበሩበት በ480 ዓመት፣ በዚያው በጦርነቱ ቀን። ድሮ የነበሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ወደውታል። ኤስኪለስ በጦርነቱ ተዋጋ፣ ሶፎክልስ ገና ጎረምሳ ሆኖ በድሉ በዓል ዘመረ፣ ዩሪፒደስ ተወለደ። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሌላ የዘመን መዝገብ ግን ልደቱን ጥቂት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ሰው የማይወድ፣ መጽሐፍ የሚሰበስብ፣ ባሕር ዳር ዋሻ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ነበር ይባላል። በ1990ዎቹ እንደ እኛ ሳይሆን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ አርኪዮሎጂስቶች በሳላሚስ አንድ ዋሻ ውስጥ ስሙ የተጻፈበት የስኒ ስባሪ አግኝተዋል። እናቱ አትክልት ሻጭ ነበረች ይባላል። በስተርጅናው ወደ መቄዶንያ ንጉሥ ወደ አርኬላዎስ ሄደ፣ በ406 እዚያው ሞተ። ውሾች ቦጫጭቀው ገደሉት ይባላል።

6ኛው ወጣት ይመስላል፤ ምላሱ ስል ነው። ይባላል፣ ይባላል፣ ይባላል እያልክ ተረት አታስነብበን ብሎ ጀመረ። አትክልት ሻጭ የምትለው ነገር አሪስቶፋነስ የሚባለው የኮሜዲ ጸሐፊ የፈጠራት ስድብ ናት፤ አንድ የጥንት ታሪክ ጸሐፊ ራሱ እናቱ ከትልቅ ቤተሰብ እንደነበረች ጽፏል። ውሾቹም ተረት ናቸው። የጥንት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች የማያውቁትን ሁሉ ከቀልድና ከተውኔቶቹ ውስጥ እየቆነጠሩ ይሞሉት ነበር። ስኒው ላይ ያለው ጽሑፍም ቢሆን ከሰውየው ሞት ብዙ መቶ ዓመት በኋላ፣ በሮማውያን ዘመን፣ ዋሻውን እንደ ቅዱስ ቦታ ሲጎበኙ የነበሩ ሰዎች የተዉት ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ነገሩ ልክ ነው። አነጋገሩ ግን አስቀየመ። 7ኛውና 8ኛው መላሾች ስለ ዩሪፒደስ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ አንድ አባት አንተ ይባላሉ ወይ እያሉ ልጁን ወረዱበት። እሳቱን ያበረዱት መምህሩ ራሳቸው ናቸው። በ9ኛው መልስ ልጄ ብለው ጠሩት። እናቱንና ውሾቹን ተዉለት። አንድ ነገር ግን አልለቅም አሉ፦ የሞቱ ወሬ አቴና ሲደርስ ሽማግሌው ሶፎክልስ ጥቁር ለብሶ ወጣ፤ የኮረሱን ዘማሪዎችም የአበባ ጉንጉን ሳያደርጉ ይዟቸው ቀረበ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። ይህም ከዚያው ከይባላል መጽሐፍ የመጣ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን ወደውታል። ልጁ ከዚያ በኋላ በጻፈው ሁሉ አንቱ አለ። ክርክሩን ግን አልተወም።

10ኛው መልስ የክሩ ቁም ነገር ነው። ረጅም ነው፣ ፊደሉ ላይ ግድፈት አለ፣ ግን ለጠያቂው ጥያቄ በቀጥታ የመለሰ እሱ ብቻ ነው። ነገሩን ከሦስት ቦታ አመጣው።

አንደኛው ተዋንያን ናቸው። ዩሪፒደስ ከሞተ በኋላ ተውኔቶቹ በድጋሚ መታየት ጀመሩ፤ ከሌሎቹ ይልቅ የእሱ ተፈለጉ። ተዋንያን እያሻሻሉ እየጨማመሩ ስላስቸገሩ፣ በ330 አካባቢ ሊኩርጎስ የሚባለው የአቴና ሹም የሦስቱን ጸሐፊዎች ጽሑፍ በመንግሥት መዝገብ እንዲቀመጥ በሕግ አስወሰነ። ይህን መዝገብ የግብጹ ንጉሥ ሦስተኛው ጰጥሎሚዎስ ለእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ሊያስገለብጠው 15 ታለንት ብር መያዣ አስይዞ ተዋሰው። አስገለበጠና ዋናውን አስቀርቶ ግልባጩን መለሰ። መያዣውን እያወቀ ተወው። (እዚህ ላይ አንድ ሰው ከታች ገብቶ መጽሐፍ ተውሶ የሚመልስ ድሮም አልነበረም አለ።)

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ነው። የኋላ ዘመን መምህራን ለተማሪ የሚሆነውን መረጡ፤ ከዩሪፒደስ 10፣ ከሁለቱ 7፣ 7። የግሪክኛ ንግግሩ ቀለል ያለ ስለሆነና ለንግግር ችሎታ የሚሆን ሙግት ስለሚበዛበት ተመቻቸው። ያልተመረጠው ሳይገለበጥ ቀረ። ያልተገለበጠ ደግሞ ጠፋ። ወደ 90 ከሚጠጋው ሥራው የሚበዛው በዚህ ሄደ።

ሦስተኛው ግን ዕድል ነው፤ የመላሹም ወኔ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ፍሎረንስ ውስጥ በሎሬንቲያን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ አንድ የእጅ ጽሑፍ ቅጂ አለ፤ የተጻፈው ከልደት በኋላ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። እዚያ ውስጥ ከትምህርት ቤቱ ምርጫ ውጪ የሆኑ 9 ተውኔቶች አሉ። የግሪክኛ ርእሳቸው የሚጀምርበትን ፊደል ብታዩ ኤፕሲሎን፣ ኤታ፣ ዮታ፣ ካፓ ናቸው። በፊደል ተራ ተደርድሮ ከነበረ አንድ ሙሉ ስብስብ ውስጥ መሃል ላይ ያለው ክፍል ብቻ በሆነ መንገድ ተርፏል ማለት ነው። ማንም አልመረጣቸውም። ጥሩ ስለሆኑም አይደለም፣ መጥፎ ስለሆኑም አይደለም። ፊደላቸው ነው ያተረፋቸው። ስለዚህ የጠያቂው 19 ትልቅነትን አይመዝንም።

እኔ ይህን መልስ ስወደው የምወደው ሌላ ምክንያት አለኝ። ከሌሎቹ ጸሐፊዎች የደረሱን የተመረጡት ብቻ ናቸው፤ መምህር ያደነቃቸው። የዩሪፒደስን ግን ሳይመረጥ እንዲሁ በዘፈቀደ የወጣውንም ማየት እንችላለን። ጥሩውን ቀኑንም መካከለኛ ቀኑንም የምናውቅለት እሱ ብቻ ነው።

ወጣቱ በ11ኛው ተመለሰ። በዕድል የመጡት 9 ናቸው፤ ቢቀነሱ እንኳ 10 ይቀራል፣ 10 ደግሞ ከ7 ይበልጣል አለ። አጭርና የማያከራክር። ቀጥሎም ስፓርታውያንና አጋሮቻቸው በ404 አቴናን ድል አድርገው ከተማዋን እናፍርሳት እያሉ ሲመክሩ፣ በግብዣ ላይ አንድ የፎኪስ ሰው ከዩሪፒደስ ኤሌክትራ የኮረሱን መዝሙር አዜመ፤ የሰሙት ሁሉ ልባቸው ራርቶ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ያፈራች ከተማ አትፈርስም አሉ፤ ይህን የጻፈው የጥንቱ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው። ያ ኤሌክትራ ደግሞ ከነዚያ በፊደል ተራ ከተረፉት 9 አንዱ ነው። መምህራኑ አልመረጡትም ነበር። መምህሩ ለዚህ መልስ ላይክ ሰጡ፤ አይቻለሁ።

12ኛው ሲሲሊ ካታንያ የሚኖር የእኛ ሰው ነው። ክሩ እስከዚህ ድረስ የመጽሐፍ ክርክር ነበር፤ እሱ ቦታውን አየሁት ብሎ ገባ። አቴናውያን በ413 ሲሲሊ ላይ ሲደመሰሱ ከ7,000 በላይ ምርኮኛ በሲራኩስ የድንጋይ ካባ ውስጥ ታጎረ። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ብርድ፤ ለአንድ ሰው በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ውኃና ጥቂት እህል። የሞተው ከቆመው ጋር ተቆልሎ ይቆይ ነበር። ይህን የዚያ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ጽፎታል። ፕሉታርክ ደግሞ የሚጨምረው አለ። የሲሲሊ ሰዎች የዩሪፒደስን ግጥም ከማንም በላይ ይወዱ ነበር። ስለዚህ ከተሸጡት ምርኮኞች ውስጥ በቃሉ የያዘውን ለጌታው ያስተማረ ነፃ ወጣ። ከጦሩ ተበትኖ ሲንከራተት የነበረ ደግሞ ዘፍኖ እህልና ውኃ አገኘ። አገራቸው የገቡት ቤቱ ድረስ ሄደው አመሰገኑት። መላሹ ካባው ዛሬ የብርቱካንና የሎሚ ዛፍ የሞላበት መናፈሻ እንደሆነ፣ ከአጠገቡ ባለው ጥንታዊ ቲያትር ደግሞ በየዓመቱ የግሪክ ትራጄዲ እንደሚታይ ጻፈ። ከዚያም እሱ ራሱ በባሕር ሲመጣ የሚያውቀው የጣልያንኛ ዘፈን አንድ ብቻ እንደነበር፣ እሱም ምንም እንዳላስገኘለት ቀልዶ አለፈ። ብዙ ሰው የሳቀ ምልክት አደረገለት። እኔ አልሳቅሁም።

13ኛዋ አቴንስ የምትሠራ እህት ናት። አሠሪዋ ኤፒዳውሮስ ይዛት ሄዳ ሜዴያን አይታለች። ሐምሌ ማታ ነው፤ 14,000 ሰው የሚይዝ የድንጋይ ቲያትር፣ ማይክ የለም፣ ግን ላይ ጫፍ የተቀመጠው ይሰማል። ግሪክኛዋ ሁሉን አልያዘላትም። አንዱ ቦታ ላይ ግን ሴቶቹ ሁሉ ሲንቀሳቀሱ አየች። ሜዴያ አንዴ ከመውለድ ሦስት ጊዜ ጋሻ ይዤ ጦር ሜዳ ብቆም እመርጣለሁ የምትልበት ቦታ ነው። ያን በ431 በወንድ ተዋናይ አፍ፣ ወንድ በሞላበት መድረክ ማስነገሩ ድፍረት ነው ትላለች።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሞቀ። 14ኛው ሰውየው ሴት ጠል ነበር አለ፤ አሪስቶፋነስ የአቴና ሴቶች ተሰብስበው ዩሪፒደስን ሊቀጡ ሲመክሩ የሚያሳይ ሙሉ ኮሜዲ እንደጻፈ አስታወሰ። 15ኛዋ ተቆጣች። ያ ቀልድ ነው አለች፤ ሴቶችን ዝም ያሰኘው ሳይሆን ያናገረው ነው ያስቆጣቸው። ሜዴያ፣ ፌድራ፣ ሄኩባ፤ ከዚያ በፊት ማን ነው ሴትን በዚህ ያህል ሐሳብ ያሳሰባት? 16ኛዋ ሁለቱንም አልሰማችም። እናት ነኝ አለች። ባል ሌላ አገባ ብላ ሁለት ልጆቿን የምታርድ ሴት ታሪክ ጥበብ ይባል እንጂ እሷ አትነካውም። ይህን የሚያጨበጭብ ሰው ልጅ አሳድጎ አያውቅም አለች። ማንም በቀጥታ አልመለሰላትም።

17ኛው ብቻ ጎን ለጎን አንድ ነገር ጣለ። ከዩሪፒደስ በፊት በሚነገረው አንዳንድ ታሪክ ልጆቹን የገደሏቸው የቆሮንቶስ ሰዎች ናቸው፤ እናትየዋን ገዳይ ያደረጋት እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲያውም ቆሮንቶሳውያን ስማቸውን ለማጽዳት አምስት ታለንት ከፍለውታል የሚል የጥንት ሐሜት አለ። ሐሜቱን የሚያምን የለም። ግን የሰውን ቁጣ ይነግረናል፤ 16ኛዋ ብቻዋን አይደለችም።

18ኛው ስለ አጨራረሱ አማረረ። ዩሪፒደስ ታሪኩ ሲተበተብበት እንደ ክሬን ያለ ማንሻ ላይ አምላክ አስቀምጦ ያወርድና ሁሉን ነገር በአንድ ንግግር ይፈታዋል። አሪስቶትል ራሱ በሜዴያ መጨረሻ ላይ የምትበረውን ሠረገላ ነቅፏል። ይህ ልክ እንደ እኛ ተከታታይ ድራማ ነው አለ፤ ደራሲው ማስጨረሻ ሲያጣ ዋናውን ሰውዬ መኪና ያስገጨዋል። እዚህ ላይ ሦስት አራት ሰው ስለየትኛው ድራማ እንደሆነ መገመት ጀመረ፤ ብዙ ቦታ በላ። መምህሩ ብቻ በመሃል ገብተው አሪስቶትል በዚያው መጽሐፉ፣ ሌላው ነገር ባይሳካለትም ከባለቅኔዎቹ ሁሉ ይበልጥ ትራጄዲያዊ ዩሪፒደስ ነው እንዳለ አስታወሱ። በኔ አስተያየት አማራሪው አንድ ነገር አልታየውም። አምላኩ ወርዶ ሁሉን ሲያስታርቅ፣ ሬሳው እዚያው ነው። ያ እርቅ እንዳያሳምን ሆን ተብሎ የተጻፈ ይመስለኛል።

19ኛው መልስ ደግሞ የሚጠበቀውን አመጣ፤ ኢትዮጵያን። ዩሪፒደስ በ412 አንድሮሜዳ የሚል ተውኔት አቅርቧል። የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። እናቷ በውበት ስለተኩራራች፣ ከባሕር የወጣውን አውሬ ለማብረድ ልጅቱ ከዐለት ጋር ታሰረች፤ ፐርሲየስ በሰማይ እየበረረ መጥቶ ወደዳት፣ አዳናት። ተውኔቱ ጠፍቷል፤ ቁርጥራጭ ብቻ ነው ያለው። በዘመኑ ግን እብድ ያደረገ ሥራ ነው። አሪስቶፋነስ በዓመቱ አላገጠበት። ብዙ ቆይቶ ሉቅያኖስ የሚባል ጸሐፊ፣ አብዴራ በሚባል ከተማ ይህ ተውኔት ከታየ በኋላ ሕዝቡ ትኩሳት ይዞት፣ ገርጥቶ፣ ከስቶ በየመንገዱ የፐርሲየስን ንግግር ሲጮህ ሰነበተ፣ ያቆመው ብርድ ሲገባ ነው ብሎ ጽፏል። መላሹ መደምደሚያው ላይ ዓለምን ያሳበደችው የእኛ ልጅ ናት አለ።

20ኛው ሳይምር ነው የመጣው። የእኛ ልጅ የምትባል የለችም አለ። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ፣ አንዳንዴም የዓለምን ጫፍ ነው። ሄሮዶቱስ የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ የሚለው ሜሮኤን ነው፤ ያ ሱዳን ነው። ስም ስላገኛችሁ ብቻ ታሪክ አትዘርፉ ብሎ ጨረሰ። ከዚያ የተባለውን አልደግመውም። እናትም አባትም ተነካክቷል።

ያዳነው 21ኛው ነው። እስራኤል፣ ያፋ አጠገብ የሚኖር ሰው ነው። ሁለታችሁም ቆዩ አለ፤ አንድሮሜዳን እዚህም የእኛ ናት ይሏታል። ያፋ ማለት በመጽሐፍ ቅዱሳችን ኢዮጴ የምትባለው ናት። ወደቡ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ ብቅ ያሉ ዐለቶች አሉ፤ ለቱሪስት የአንድሮሜዳ ዐለት ተብለው ይታያሉ። አዲስ ፈጠራም አይደለም። ከልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ የሰንሰለቷ ምልክት እዚያ እንደሚታይ ጽፏል። እሱና ጓደኞቹ ዓርብ ከሰዓት እዚያ ቁጭ ብለው ዓሣ ይይዛሉ። አስጎብኚዋ ለፈረንጆቹ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ብላ ስታስረዳ ዞር ብላ እነሱን ታያለች፤ እነሱም እጃቸውን ያውለበልባሉ።

22ኛዋ ከቦስተን ናት። እዚያ ሙዚየም ውስጥ ከ5ኛው መቶ ዓመት የመጣ እንስራ ላይ አንድሮሜዳ ስትታሰር ተስላለች። የሚያስሯት አገልጋዮች ጥቁሮች ናቸው፤ እሷ ግን መልኳ እንደ ግሪክ ሴት ነው የተሳለው። ሥዕሉን ምሁራን ብዙውን ጊዜ የሚያያይዙት ከሶፎክልስ አንድሮሜዳ ጋር ነው፤ እሱም በዚያው ርእስ ጽፎ ነበርና። ንጉሡን ኢትዮጵያዊ፣ ልጁን ግሪክ ማድረግ እንዴት እንደሆነላቸው አልገባኝም አለች። ከክሩ ውስጥ መልስ ያላገኘ ጥሩ ጥያቄ ይሄ ነው።

23ኛው ዲያቆን ነኝ ባይ ነው። ጌታ ለሳውል በደማስቆ መንገድ የተናገረው፣ የመውጊያውን ብረት መቃወም ይብስብሃል የሚለው ቃል፣ ከዩሪፒደስ የመጨረሻ ሥራዎች አንዱ በሆነው በባካይ ውስጥም አለ አለ። ዲዮኒሰስ ከእሱ ጋር ለሚታገለው ንጉሥ ይናገረዋል። ወጣቱ ወዲያው ገብቶ፣ አባባሉ የሁሉም ግሪክ ምሳሌ ነበር፣ ኤስኪለስና ፒንዳርም አላቸው፣ ከእሱ ተወሰደ ማለት አይቻልም አለ። ዲያቆኑ አልተከፋም። የበለጠ የሚገርም ይዞ ተመለሰ። በባይዛንታይን ዘመን የተጻፈ፣ እመቤታችን በመስቀሉ ሥር ስታለቅስ የሚያሳይ ተውኔት አለ። ቅጂዎቹ በቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ስም ይጠሩታል፤ የዛሬ ምሁራን የሚበዙት በ11ኛው ወይም በ12ኛው መቶ ዓመት የተጻፈ ነው ይላሉ። ከስንኞቹ ሲሶ ያህሉ ከዩሪፒደስ እየተቀነጨቡ የተሰፉ ናቸው። የሜዴያና የሄኩባ ልቅሶ በእመቤታችን አፍ ገባ። የባካይ መጨረሻ ላይ እናትየዋ የልጇን ሬሳ ይዛ የምታለቅስበት ክፍል ከቅጂው ላይ ጠፍቷል፤ ምሁራን ምን ይል እንደነበር ለመገመት የሚመለከቱት ይህን የእመቤታችንን ልቅሶ ነው። መምህሩ እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፉ፦ ድንቅ።

24ኛዋ ስለ የትሮይ ሴቶች ጻፈች። በ416 ክረምት አቴናውያን የሜሎስ ደሴትን ይዘው ወንዶቹን ገደሉ፣ ሴትና ሕፃናቱን ባሪያ አድርገው ሸጡ። በማግሥቱ ጸደይ ዩሪፒደስ እነዚያኑ አቴናውያን ሰብስቦ፣ ከተማቸው የወደቀባቸው ሴቶች ለማን እንደሚደርሱ ዕጣ ሲጠባበቁ አሳየ። ሁለተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው ዜኖክልስ የሚባል ሰው ነው። የፌራው ገዢ እስክንድር (ታላቁ እስክንድር አይደለም)፣ ያ ጨካኙ፣ ይህንኑ ሲያይ አቋርጦ ወጣ። ስንቱን ሲገድል ያልራራ ሰው በሄኩባ ሲያለቅስ ሕዝቡ እንዳያየው ፈርቶ ነው። እሷ ግን የምትወደው በፈረንጆች 2013 አማን ላይ የተሠራውን ነው፤ ከሶርያ የተሰደዱ ሴቶች የራሳቸውን ታሪክ ከተውኔቱ ጋር እየደባለቁ ተጫወቱት። እኛም ባለፉት ዓመታት ያየነው ስላለ ማብራሪያ አያስፈልገንም ብላ ተወችው። ከሥሯ ትሮይ የትኛው ወገን ነው የሚል ነገር ሊጀመር ሲል አድሚኑ ሁለት መልስ አጠፋ። ደግ አደረገ።

25ኛው ዜና አመጣ። ግብፅ ውስጥ ፊላደልፊያ በምትባል ጥንታዊ ከተማ መቃብር በፈረንጆች 2022 በተገኘ ፓፒረስ ላይ፣ ኢኖና ፖሊዪዶስ ከሚባሉ ሁለት የጠፉ ሥራዎቹ 100 የሚጠጋ ስንኝ ተነቧል፤ በ2024 ይፋ ሆነ። ስለዚህ የጠያቂው ቁጥር ገና አልተዘጋም። ጠያቂው በዚህ ተደስቶ፣ እንዲያ ከሆነ ከየቱ ልጀምር ብሎ ጠየቀ። አንዱ ሜዴያ፣ አንዱ ባካይ አለው። መምህሩ ደግሞ ለመሳቅ ከፈለግህ በሳይክሎፕስ ጀምር አሉት። ከጥንት ግሪክ ሙሉ ሆኖ የደረሰን የዚያ ዓይነት የቀልድ ተውኔት እሱ ብቻ ነው፤ ኦዲሲየስ አንድ ዓይና ግዙፉን አውሬ ወይን አጠጥቶ አስክሮ ያታልለዋል።

26ኛው ግሪኮች ወይናቸውን በውኃ በርዘው ነበር የሚጠጡት፣ አውሬው ግን ሳይበረዝ ስለጠጣ ነው የወደቀው አለ። ቀጥሎ የመጣው ሰው ጠጅ ቢሆን ኖሮ ስንት ብርሌ ይበቃው እንደነበር ጠየቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልቆጠርኩትም፤ ስለ ጌሾ ነው።